ከአርባ በኋላ፦ ለሐዘንተኞች የንባብ ጉብኝት (የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦
ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ባለፈው በ21 ለጽዋው ስንሰበሰብ የተነሣውን አሳብ ለሰበካ ጉባኤው ለማቅረብ ረቂቁን እኔ ልጀምረው። ጨምሩበት፣ የማይሆነውን አውጡት።

ሐዘን ሲደርስ በእኛ ዘንድ ሰው አይጠፋም። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሠልስቱም ሰባቱም ሰው በሰው ሆኖ ያልፋል፣ አርባውም ይወጣል። ከዚያ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ግን በሩን የሚያንኳኳ የለም። ብዙዎች እምነታቸው የሚደክመው ያኔ ነው። ስለዚህ ከአርባው በኋላ ለሦስት ወር ያህል በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆነን ወደ ሐዘንተኛው ቤት እንሂድና መጽሐፍ ቅዱስ እናንብብ። ለመጀመሪያ ንባብ 1ኛ ተሰሎንቄ 4ን፣ ዮሐንስ 11ን፣ ሮሜ 8ንና ራእይ 21ን መርጫለሁ። ከንባቡ በኋላ አጭር ትምህርት ይሰጣል።

እማማ (የማኅበሩ እናት)፦
ተባረኪ ልጄ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ትምህርቱን ተዉት።

ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ የመጣው ሁሉ ይመክረኝ ነበር። «እንባ አታብዢ፣ ነፍሱን ታስጨንቂያለሽ» ይሉኛል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ልቤ ግን ይብስ ይዘጋል። አርባው ወጥቶ የዕድሩ አግዳሚ ወንበር እንኳ ከግቢው ሲነሣ፣ አንዲት መነኩሲት ብቻ መምጣታቸውን አልተዉም። መደብ ላይ ይቀመጡና ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ቡና ካቀረብኩ ይጠጣሉ፣ ካላቀረብኩም አይከፋቸውም። ግዕዙን ስለማልሰማው አንድ ቀን «እስቲ በአማርኛ ያንብቡልኝ» አልኳቸው። ያን ቀን ደግሞ የደረሱት መዝሙር 41 ላይ ነበር። «እንባዬ በቀንና በሌሊት ምግብ ሆነኝ» የሚለውን ስሰማ «ይድገሙልኝ» አልኩ። እኔ አፍሬበት የደበቅሁትን ይህን የጸለየ ሰው ለእግዚአብሔር በግልጥ ነገረው፤ መጽሐፉም አልሰረዘበትም። ከዚያ በኋላ ነው ቆሜ መጸለይ የቻልኩት። ማንም አላስተማረኝም፤ ተነበበልኝ እንጂ።

ዲያቆን፦
እማማ ያሉት የንባቡን ቅደም ተከተልም ይለውጠዋል። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ይላል። ብዙ ጊዜ «አታልቅሱ» ለማለት ይጠቀስብናል፤ ሐዋርያው ግን ሐዘንን አልከለከለም፣ ተስፋ ያለው ሐዘን እንድናዝን ነው የጻፈልን። ጌታም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል። ስለዚህ ተሰሎንቄ ወደ ኋላ ይምጣ።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዝሙር 41ንና 87ን አቀርባለሁ። 87ኛው ከመዝሙራት ሁሉ የጨለመው ነው፤ እንደሌሎቹ በምስጋና አይዘጋም፣ በጨለማ ያልቃል። ሆኖም የሚጀምረው «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ በመጥራት ነው። ተስፋው እዚያ ጥሪ ውስጥ አለ፤ ጨልሞበትም እየተጣራ ነውና። ቀጥሎ 1ኛ ነገሥት 19 ይነበብ። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቅርቦ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በልቶ ተኛ፣ እንደገናም ቀሰቀሰው። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው።

ለአንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ የመዝሙር ቁጥር በአንዳንድ እትሞች በአንድ ይበልጣል፤ የእኛ 41 እዚያ 42፣ 87ም 88 ነው። ሐዘንተኛው በራሱ መጽሐፍ መከታተል ከፈለገ እንዳይደናገር ቀድማችሁ አመሳክሩ።

ገንዘብ ያዥ፦
ከኤልያስ ታሪክ ተነሥቼ ልጨምር። ባዶ እጃችንን አንሂድ፤ ዳቦ፣ ቡናና ስኳር ከማኅበሩ ገንዘብ ይገዛ። ሐዘንተኛው ለእኛ ሲል ደግሞ እንዳይደግስ አስቀድመን እንንገረው፤ ብዙዎች ከተዝካሩ ወጪ ገና አላገገሙም።

ከኩዌት የምትሳተፍ እህት፦
እኔንም አስቡኝ። የእናቴ መርዶ የደረሰኝ በስልክ ነው። ልጆች የማሳድግበት ቤት ስለሆነ ማልቀሻ አልነበረኝም፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጥቤ ምሳ አቀረብኩ። ቀብሯን በቪዲዮ አየሁት። ድንኳን የለ፣ ሠልስት የለ፣ አርባውን ራሱ በጣቴ ቆጥሬ ነው ያወቅኩት። እንደኔ ያለ ሰው እዚህ ብዙ ነው። ንባቡን በድምፅ ቀድታችሁ በቴሌግራም ብትልኩልን፣ ዕረፍት ያለን ዓርብ ዓርብ እንሰማዋለን። አንባቢው አይቸኩል፤ በሰው ድምፅ በአማርኛ ሲነበብልኝ ለቅሶ ቤት ሰው እንደመጣልኝ እቆጥረዋለሁ።

ነርስ የሆነች አባል፦
ይህቺ እህታችን ያለችው በረቂቁ ውስጥ ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሁን።

እኔ ደግሞ ከሙያዬ አንጻር የምጠይቀው አለ። ሐዘንተኛው ምግብ ካቆመ፣ እንቅልፍ ጨርሶ ካጣ ወይም መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ «እምነት አነሰው» ብለን እንዳንተው። ለብቻው ሳንተወው ለቤተሰቡ እንንገር፣ ያኔውኑ ወደ ሐኪም እንውሰደው፣ የንስሐ አባቱም ይወቁ። ጠበሉም መድኃኒቱም የአንድ እግዚአብሔር ናቸው፤ አንዱን ለማስቀደም ብለን ሌላውን አናስቀርበት። ይህን ሁሉም ጎብኚ ሳይሰማ ወደ ማንም ቤት አይግባ።

ወጣት አባል፦
«እግዚአብሔር ለምን ወሰደብኝ?» ብሎ ቢጮህብንስ ምን እንመልሳለን?

ዲያቆን፦
ወንድሜ፣ አትመልስ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ በዝምታ ተቀምጠው ነበር፤ የተሳሳቱት መልስ መስጠት ሲጀምሩ ነው። ጌታም በኤማሁስ መንገድ (ሉቃስ 24) ሁለቱን ደቀ መዛሙርት አስቀድሞ አናገራቸው። «ተስፋ አድርገን ነበር» ብለው የተሰበረውን ተስፋቸውን በአፋቸው እስኪነግሩት ጠብቆ ነው መጻሕፍትን የተረጎመላቸው። አንተም ስማው፤ ከፈቀደልህ አንብብለት። «ዛሬ ይብቃኝ» ካለህ መጽሐፉን ዘግተህ አብረኸው ተቀመጥ።

ሙሴ (የማኅበሩ መሪ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ተስማምተናል ብዬ የያዝኩት ይህ ነው። ትምህርት አይኖርም፣ ንባብና ጸሎት ብቻ። መጀመሪያ መዝሙር 41ና 87፣ ከዚያ ኤልያስ፣ ቀጥሎ ዮሐንስ 11ና ሉቃስ 24፤ ተሰሎንቄ፣ ሮሜና ራእይ በመጨረሻው ወር ይነበባሉ። የጤናው ነገር በነርሷ እህታችን ቃል እንዳለ ይግባ።

ስለ ጊዜው እኔ የምጨምረው አለ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት (ለሞተ ሰው የሚደረገው የስርየት ጸሎት) ስለማይደረግ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ ጸሎቱ በሆሳዕና አስቀድሞ ይደርሳል። ቤተ ሰቦቻቸው ግን ሥርዓቱን ባለማወቅ «ሰዋችን ሳይፈታ ተቀበረ» እያሉ ሲጨነቁ አይቻለሁ። አርባቸው የሚወጣው ዕርገት ሰሞን ስለሆነ ጉብኝቱን ከእነርሱ ቤት እንጀምር፤ ካህን አብሮን ሄዶ ነገሩን ያስረዳቸው።

ጸሐፊዋ ረቂቁን አስተካክላ እስከ እሑድ ታድርሰኝ፤ ከቅዳሴ በኋላ ለሰበካ ጉባኤው አቀርበዋለሁ። ዲያቆን፣ መዝሙር 41ን ቅዳና ለኩዌቷ እህታችን ከዓርብ በፊት ላክላት፤ የእርሷ ጉዳይ የጉባኤውን ፈቃድ አያስጠብቅም። እማማ፣ ሁለት ሁለት አድርገው የሚያጣምሩን እርስዎ ይሁኑ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።