መርዶ ይደበቅ ወይስ ወዲያው ይነገር? (ክርክር)

ከሜሪላንድ፡
ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ ለማንሣት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እናቴ አዲስ አበባ አረፈች፣ እኔ ደግሞ እዚህ ሜሪላንድ ነበርኩ። ዘመድ ተሰብስቦ ለኔ እንዳይነገር ወሰነ። "ብቻዋን ናት፣ ትጎዳለች፣ ወረቀቷም ገና ስላልወጣ መምጣት አትችልም" ተባለ። ከማን እንደሰማሁ ልንገራችሁ? ከማንም አልሰማሁም። ሥራ ቦታ ለምሳ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስልኬን ስከፍት የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የእናቴን ፎቶ ከበራ ሻማ ጋር ለጥፋ "ነፍስ ይማር እትዬ" ብላለች። ከሥሩ ሰው ሁሉ ተደርድሮ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይላል። ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር።

በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። የአባቴ የአክስት ልጅ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሦስት ሴቶች። ሴቶቹ ጥቁሩ እንዳይታይ ከላይ ጃኬት ደርበዋል። አንዷ የቡና ቴርሞስ ይዛለች። ማወቄን ልነግራቸው አልቻልኩም። ቁጭ በይ አሉኝ፣ ቁጭ አልኩ። ሲነግሩኝ እንደ አዲስ ጮህኩ፣ ደግሞ ማስመሰል አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ደርቄ ነው የከረምኩት። እንባው የወጣልኝ ያን ጠዋት፣ ሰው ይዞኝ ነው።

በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ሐዘን የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ሰጠችኝ። ደህና ናቸው፣ እንቅልፍ በማጣበት ሰዓት ረድተውኛል። ግን የእናቱን ሞት ከቀብሯ በኋላ በስልክ ስላየ ሰው ምንም አይሉም።

አሁን አባቴ 81 ዓመቱ ነው፣ ኩላሊቱን ያመዋል። በደወልኩ ቁጥር ወንድሜ "ደህና ነው" ይለኛል። ያቺን "ደህና ነው" ማመን አቅቶኛል። የኔ አቋም ይህ ነው፦ ሕመም ሰውየው በሕይወት እያለ ይነገር፣ ሞት ደግሞ በዚያው ቀን ይነገር፣ የሚነገረው ግን ሰው ባለበት ይሁን። የማትስማሙ ካላችሁ በግልጽ ጻፉልኝ።

የእድር ጸሐፊ፣ ጉለሌ፡
ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ግን አልስማማም። በእድራችን 22 ዓመት ጸሐፊ ሆኛለሁ፣ ብዙ ሰው አርድቻለሁ። መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ የሆነው እንዲያው በልማድ አይደለም። ሰውየው ገና ከቤቱ አልወጣም፣ ጎረቤትም ቤቱ ነው፣ ለማልቀስም ሙሉ ቀን አለ። ማታ ከተነገረው ሌሊቱን ብቻውን ከግድግዳ ጋር ያድራል። ከመሄዳችን በፊት እናጣራለን። ግፊት አለበት? ልብ ያመዋል? ሴቷ ነፍሰ ጡር ናት? አራስ አትረዳም። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርነውም፣ ሰው ሲጎዳ እያየን ነው የተማርነው። ከናዝሬት እየነዳ ሲመጣ መንገድ ላይ በስልክ የተነገረው ሰው አለ፣ መኪናውን ከአስፋልት አውጥቶ ለጥቂት ነው የተረፈው። አንቺን የበደለሽ ፌስቡክ ላይ የለጠፈችው ልጅ ናት፣ የደበቁሽ ዘመዶችሽ አይደሉም።

ከሜሪላንድ፡
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ አነጋገሩ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ። ቡናዋን ይዛ የመጣችውን ሴት መቼም አልረሳትም። ቅሬታዬ ስለ ቀኑ ነው። እርስዎ የሚያወሩት ጎረቤት ስላለ ሰው ነው፣ ከማታ እስከ ንጋት ስለሚቆይ ነገር። የኔ ስድስት ቀን ቆየ። ደግሞስ በዚህ ዘመን ስድስት ቀን የሚደበቅ ነገር አለ? ለጣፊዋ ክፉ አላሰበችም፣ ያልተነገረኝ መሆኑን በምን ታውቃለች?

ከሪያድ፡
እኔ ደግሞ ምነው በደበቁኝ ከሚሉት ነኝ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ወንድሜ ማታ ደውሎ "አባባ ሞተ" አለኝና ካርዱ አለቀበት። ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ሳህን እያጠብኩ። መጮህ አልቻልኩም፣ ልጆቹ ተኝተዋል። ቧንቧውን በደንብ ከፍቼ በውኃው ድምፅ ውስጥ አለቀስኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ለልጆቹ ቁርስ ሠራሁ። ማዳም ዓይኔን አይታ ጉንፋን መሰላት። ኮንትራቴ ሊያልቅ 14 ወር ቀርቶኝ ነበር፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ የትም መሄድ የለም። ማነው መጥቶ የሚያረዳኝ? በየትኛው በር አንኳኩቶ? እህቴ፣ አንቺ ቢያንስ በር አለሽ። እኔ አገሬ ገብቼ፣ እናቴ እቅፍ ውስጥ ሆኜ ብሰማው ይሻለኝ ነበር። 14 ወር አባቴ አለ ብዬ ብኖር ማንን እጎዳ ነበር?

ከሜሪላንድ፡
እህቴ፣ ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። መልስ የለኝም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ነርስ ነኝ፣ አዲስ አበባ፡
እኔ ስለ ሕመሙ ልናገር፣ እሱ ተረሳ። የምሠራው የካንሰር ሕሙማን ክፍል ነው። በየሳምንቱ ኮሪደር ላይ ቤተሰብ ይይዘኛል። "ለሷ እንዳትነግሪ፣ ጨጓራ ነው በያት።" አንድ ጊዜ አንዲት እናት መርፌ ስወጋቸው እጄን ያዝ አድርገው "ካንሰር መሆኑን አውቃለሁ፣ ለልጆቼ እንዳትነግሪ፣ ይሰበራሉ" አሉኝ። ከአሥር ደቂቃ በፊት ልጆቻቸው በራፉ ላይ ያንኑ ብለውኛል! ሁለቱም ወገን እያወቀ፣ ሁለቱም እየፈገገ፣ ሳይሰነባበቱ ተለያዩ። ሴትዮዋ ምን ልብስ ለብሰው መቀበር እንደሚፈልጉ እንኳ የነገሩት ለኔ ነው።

ጋሼ እንዳሉት የእኛ መርዶ ጥበብ አለው። ለሐኪሞች መጥፎ ዜና አነጋገርን የሚያስተምር ስፓይክስ የሚባል ባለ ስድስት እርከን መመሪያ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ። መጀመሪያ ቦታውን አዘጋጅ፣ ከዚያ ምን ያህል እንደሚያውቅ ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ ከዚያ በቀላል ቃል ንገር፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን አብረህ አቅድ። ሲያስተምሩን ከጎኔ ያለችው ልጅ "ይሄ እኮ መርዶ ነው" አለች። ልክ ናት። ልዩነቱ አንድ ነው፣ ሦስተኛው። እኛ "ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?" ብለን ባለቤቱን አንጠይቅም፣ እኛው እንወስንለታለን።

ከደብረ ማርቆስ፡
ነርሷ ጥሩ ብለሻል፣ ግን አባቴን የገደለው ቃል ነው ብዬ ነው የማምነው። አንድ ወጣት ሐኪም ሰው በተሰለፈበት ቆሞ "ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል፣ ወደ ቤት ውሰዷቸው" አለ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። በሦስት ሳምንቱ ቀበርነው። ባይሰማ ኖሮ ቢያንስ ፋሲካን አብሮን ይፈስክ ነበር።

ነርስ ነኝ፣ አዲስ አበባ፡
ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በዚያ ሁኔታ መነገሩ በደል ነው፣ አንተ ባትለውም እኔ እለዋለሁ። ወንበር እንኳ አልተሰጣቸውም። ከተሰራጨ ካንሰር ሦስት ሳምንቱ የመጣው በሕመሙ ይሁን በቃሉ እኔም አንተም መለየት አንችልም፣ ያለመብላቱም ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ይመጣል። እዚህ ያለህበትን ቁጣ ግን አልነካብህም።

ከደሴ፡
በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ጀናዛ (ቀብር) ይቸኮላል፣ ተዕዚያው (ለቅሶው) ሦስት ቀን ነው። መደበቅ ሌላም ጣጣ አለው። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ (የሐዘን መቆያ ጊዜዋ) 4 ወር ከ10 ቀን ነው፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ደግሞ የሚቆጥሩት ከሞተበት ቀን እንጂ ከሰማችበት ቀን አይደለም። ጎረቤታችን ባሏ ጅዳ ሞቶ አምስት ወር ደበቋት። ሲነገራት ዒዳዋ አልቋል። "ሐዘኔንም ወሰዳችሁብኝ" ነው ያለችው። የሟች ዕዳም አለ፣ ወራሽ ካላወቀ ማን ይከፍላል?

ከነታንያ፣ እስራኤል፡
የኛ ቤት ታሪክ ረጅም ነው፣ ላሳጥረው። በ1977 ዓ.ም. አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ በመንገድና በመጠለያ ወደ 4000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይነገራል፣ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸው በየዓመቱ ይለቀስላቸዋል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከነሱ አንዱ ነው። አያቴ ጎንደር ቀርታ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ "ደህና ነው፣ ይማራል" የሚል ደብዳቤ ይጻፍላት ነበር። በ1983 ግንቦት፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ሲመጣ፣ አያቴም መጣች። ገና ከአውቶቡሱ ሳትወርድ ዓይኗ እሱን ፍለጋ ይዞራል። "ሌላ ከተማ ነው፣ ወታደር ቤት ነው" አሏት። በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌዎችና ቄሶች ንጋት ላይ ሄደው አረዷት። እናቴ እስክትሞት ድረስ የጸጸታት ሞቱን መደበቋ ብቻ አይደለም። ደብዳቤዎቹን የምትጽፈው እሷ ነበረች።

ከመቀሌ፡
የኔ ትንሽ ይለያል። እኛን የደበቀን ዘመድ አልነበረም። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ። ስለ ወንድሜ ምንም አልሰማንም። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላም ገና አንድ ዓመት ጠበቅን። ለቤተሰቦች በይፋ መርዶ የተነገረው በጥቅምት 2016 ነው፣ በክልሉ ሦስት የሐዘን ቀን ታውጆ። እናቴ ልቧ ያውቅ ነበር። ግን ሳይረዱ ማልቀስ ሟርት ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት አላለቀሰችም። አልጋውን በየሳምንቱ ታነጥፋለች፣ ጋቢውን ፀሐይ ላይ ታወጣለች። ከተረዳች በኋላ ያን ጋቢ ታቅፋ ሦስት ቀን አለቀሰች፣ በአራተኛው ቀን እንጀራ በላች። ጋሼ፣ "ማወቅ ይጎዳል" ለሚለው የኔ መልስ ይኸው ነው። ያለማወቅን እኔ አይቼዋለሁ።

የእድር ጸሐፊ፣ ጉለሌ፡
የመቀሌዋ ልጅ፣ ለእናትሽ ጽናቱን ይስጥልኝ። እኔም ልጄን የቀበርኩ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር ላስተካክል። መርዶ ለዓመት ይደበቅ አላልኩም። የድሮው ሕግ "ሰው እስኪሰበሰብ" ነው እንጂ "እስኪመቸን" አይደለም። ውጭ ላለ ሰው ስንደብቅ ሰው ለመሰብሰብ ሳይሆን ራሳችን ላለመናገር ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ይህን አልክድም። ከባድ ነው እኮ፣ እኔም በር ላይ ቆሜ ጉልበቴ የከዳኝ ጊዜ አለ። ግን የሪያዷን ልጅ ምን ታደርጓታላችሁ? ወዲያው ይነገር የምትሉ እሷን መልሱላት።

ነርስ ነኝ፣ አዲስ አበባ፡
ልሞክር። እሷ ጋ የጠፋው አስቀድሞ የሚጠይቃት ሰው ነው። ከመሄዷ በፊት "አንድ ነገር ቢመጣ እንንገርሽ ወይስ ስትመለሺ?" ብሎ የጠየቃት የለም። ቢጠይቋት "ስመለስ" ትል ነበር፣ ያ መብቷ ነው። አደራ ተቀባይ ሰውም እዚያው ሪያድ ይገኝላት ነበር፣ ዓርብ የምታገኛት አንዲት የአገር ልጅ እንኳ። ወንድሟ ደግሞ መጀመሪያ "የት ነሽ? ማን አለ አጠገብሽ?" ማለት ነበረበት። ሁለት ጥያቄ ነው፣ ካርዱም ይበቃው ነበር።

መጻሕፍቱን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር፣ ክፍላችን የሚመጡ ልጆች ከኢንተርኔት አንብበው ስለሚጨነቁ ነው። ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ የምትባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣችው መጽሐፍ አለ፣ አምስቱ ደረጃዎች የሚባሉት ከዚያ ነው የመጡት፦ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል። መጀመሪያ የጻፈችው ራሳቸው ሊሞቱ ስለተቃረቡ ሕሙማን ነው። በኋላ ሰው ሁሉ ለሐዘንተኛ እንደ ደረጃ መሰላል አደረገው። አንዲት ልጅ "ቁጣው አልመጣብኝም፣ ችግር አለብኝ?" ብላኛለች። የለብሽም። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ስንል የምንቆጥረው ቀኑን ነው፣ እንባውን ማንም አይቆጥርብሽም። ግን ስድስት ወርና ዓመት አልፎም ሰውየው መብላት፣ መሥራት፣ ከሰው መቀላቀል ጨርሶ ካቃተው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት፣ ለቅሶ ቤት ብቻውን አይበቃም።

ከሪያድ፡
ነርሷ ልክ ናት። ማንም አልጠየቀኝም። በእውነት "ስመለስ ንገሩኝ" ነበር የምለው። አሁን ይህንኑ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። እሷ ራሷ ከታመመች ግን ንገሩኝ ብያለሁ፣ ድምጿን መስማት እፈልጋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፡
እኔ አሁንም ሕመም ይነገር በሚለው አልረታም። መርዶውን ግን ተረትቻለሁ።

ከሜሪላንድ፡
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የሪያዷን እህቴን፣ ያን ሁሉ ስለጻፍሽ።

ዛሬ ማታ ለወንድሜ የላክሁትን እዚህ አስቀምጠዋለሁ፣ ከፈለጋችሁ እያስተካከላችሁ ውሰዱት። "ወንድሜ፣ አባባ ሆስፒታል በገባ ቀን ንገረኝ፣ ጨጓራ ነው አትበለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ፣ ቢናገርም ባይናገርም። የማይቀረው ከመጣ መጀመሪያ ለኔ አትደውል። የሁለት ሰው ስልክ ከዚህ በታች አለ፣ አንዷ ያቺ ቡና ይዛ የመጣችው ናት። እነሱ እቤቴ እስኪደርሱ ማንም ፎቶ እንዳይለጥፍ ለዘመድ ሁሉ ንገር። ቀብሩን ግን በስልክም ቢሆን ልየው።"

ሁለቱን ሰዎችም አስቀድሜ ጠይቄያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል። ወንድሜ መልእክቱን እንዳየው ስልኬ ያሳየኛል። እስካሁን አልመለሰልኝም፣ እዚያ ሌሊት ነው።