ዓሳው ኤል 046 ነው ወይስ ኤል 098?

ጥያቄ፦ በኤል 046 (ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ የአኳሪየም ዓሳ መለያ ቁጥር) ስም 5 ሳንቲ ሜትር ዓሳ ቀርቦልኛል፤ ኤል 098 የሚባለው ተመሳሳይ ዓሳ እንዳይሆን ሰጋሁ። ጎኑ ላይ ጥቁሩ መስመር ይቆራረጣል። ዋጋውስ በምን ይመዘናል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ፊቱን ፎቶ አንሳው። በ046 አፍንጫ ላይ መስመሩ የሹካ ቅርጽ ይሠራል፤ ሆዱ ንጹሕ ነጭ ነው። አንድ ሁለት ቦታ መቆረጥ ብቻውን አይጥለውም። እንደ ትል ከተጠማዘዘ ግን 098 ወይም ድቅል ነው። ሲደነግጥ ጥቁሩ ስለሚደበዝዝ፣ ሲረጋጋ ድገመው።

መልስ 2፦ ዋጋውን ወረቀቱ ይወስነዋል። የ046 ተፈጥሯዊ መኖሪያ የብራዚሉ ሺንጉ ወንዝ ብቻ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ በሳይቲስ (ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) አባሪ 1 ገብቷል። ስለዚህ በሰው እጅ የተራባ ለመሆኑ ማስረጃ ጠይቅ። በ5 ሳንቲ ሜትር «ወንድ ነው» ለሚልህ ጭማሪ አትክፈል፤ የደረት ክንፉ እሾህ ላይ ያለው ጸጉር መሰል ነገር ገና በእርግጠኝነት ላይለይ ይችላል።

መልስ 3፦ መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ ሆዱን እይ። ወደ ውስጥ ከገባ ተርቧል ወይም ትል አለበት፤ እውነተኛ 046 ቢሆንም ተወው።