አዲሱን ሌክሰስ ጂኤክስ 550 ሾውሩም ገብቼ አየሁት፤ ቪ8ቱን ልልቀቀው?

የቪ8 ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ሾውሩም ገብቼ አዲሱን ጂኤክስ 550 ዞሬ ዞሬ አየሁት። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ይፋ ከሆነ ጀምሮ ፎቶና ቪዲዮውን ስከታተል ነበር፣ በአካል ሲታይ ግን ሌላ መኪና ነው። እኔ አሁን የምነዳው ባለ ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ሞተሩን የድሮውን ጂኤክስ 460 ነው። ዘጠኝ ዓመት ነድቼዋለሁ፣ አንድም ቀን መንገድ ላይ አላቆመኝም፣ ስለዚህ ዓይኔ ሁሉን ነገር ከእሱ ጋር ነው የሚያነጻጽረው።

ቅርጹን ወድጄዋለሁ። በጣም። ያ ከ2014 ሞዴል ጀምሮ የለመድነው ትልቅ የፊት ፍርግርግ አሁን ልኩን ይዟል። የፊት መስታወቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት ለሥራ የተሠራ መኪና መሆኑ ያስታውቃል። መሪው ጋ ስቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ። የኮፈኑ መሃል ዝቅ ያለ ስለሆነ ከፊት ያለው መንገድ ወለል ብሎ ይታያል፣ የመስኮቶቹ የታችኛው ጠርዝም ዝቅ ያለ ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ውስጥ ስገባ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጥኩ ያህል ይጨንቀኛል፣ እዚህ ግን የመኪናው አራቱም ማዕዘን የት እንዳለ ያለ ካሜራ ይታወቃል።

የኋላው በር ደግሞ! የ460ው ወደ ጎን ነበር የሚከፈተው፣ ሌላ መኪና ከኋላ ተጠግቶ ከቆመ ዕቃ ማውጣት አይታሰብም። አሁን ወደ ላይ ይነሳል፣ መስታወቱም ለብቻው ይከፈታል። ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ከዚያ በር ጋር ስታገል ስለኖርኩ ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት።

ያልተዋጠልኝ ነገርም አለ። መሃል ላይ ያለው 14 ኢንች ስክሪን ብዙ ነገር ጠቅልሎ ይዟል። ድምፅ መጨመሪያው በእጅ የሚዞር መሆኑ ጥሩ ነው፣ ሌላው ብዙ ነገር ግን ስክሪን መንካት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ እየነዳሁ ዓይኔን ከመንገድ ማንሳት አልወድም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከደረቴ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቪ8 ሞተሩ የለም፣ በእሱ ፋንታ 3.4 ሊትር ቪ6 (ስድስት ሲሊንደር) ከሁለት ቱርቦ፣ ማለትም ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፉ መሣሪያዎች ጋር ነው የገባው።

አልነዳሁትም፣ የሙከራ ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። የነዳችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፣ ቪ6ቱ ያረካል ወይ? ባለ ሰባት ወንበሩን ልውሰድ ወይስ ባለ አምስት ወንበር የሆነውን፣ ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠራውን ኦቨርትሬይል? ሐሙስ ስነዳው ምን ምን ልፈትሽ?

ረጅም መንገድ

ወንድሜ፣ እኔም ከ460 ነው የመጣሁት፣ አንድ ዓመት አልፎኛል። ስለ ሞተሩ አትጨነቅ። የድሮው 4.6 ሊትር ቪ8 301 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ አዲሱ 349 ነው። ግን የፈረስ ጉልበቱን ተወው፣ ልዩነቱን የምታውቀው በቶርኩ (ጎማውን በሚያዞረው ኃይል) ነው። ከ446 ኒውተን ሜትር ወደ 650 አድጓል፣ ያውም ሞተሩ ገና በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ ሳለ ይመጣል። የእኛ ቪ8 ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ የሚሰጠው 3,500 ዙር ሲደርስ ነበር። ትዝ ይልህ ከሆነ ሰው ሞልተህ ዳገት ላይ ከባድ መኪና ለመቅደም ስትረግጥ መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ከዚያ ነው ጉልበቱ የሚከተለው። አሁን መጠበቅ የለም። ካምቢዮውም ከ6 ወደ 10 ማርሽ ስላደገ ሁልጊዜ ትክክለኛው ማርሽ ላይ ታገኘዋለህ።

የቪ8 ድምፅ ግን ይናፍቅሃል። ይሄን ልደብቅህ አልችልም።

ነዳጅ ይቆጥባል ብለህ ከሆነ የምትቀይረው፣ አትቀይር። በአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ተቋም መለኪያ 460ው በአማካይ በጋሎን 16 ማይል ይሄድ ነበር፣ 550ው 17 ነው። በእኛ ስሌት በ100 ኪሎ ሜትር ከ14.7 ሊትር ወደ 13.8 ሊትር መውረዱ ነው። የነዳጅ ታንኩም ከ87 ሊትር ወደ 80 ስላነሰ ማደያ የምትገባው ያው በድሮው ልክ ነው።

ሐሙስ ስትነዳው ለስላሳ አስፋልት ብቻ ነድተህ እንዳትመለስ። የተጎዳ መንገድ ፈልግና እዚያ ንዳው። ፍሬሙ ላንድ ክሩዘር 300 እና ሌክሰስ ኤልኤክስ ከተሠሩበት ጂኤ-ኤፍ ከሚባለው ጋር አንድ ነው፣ ጥንካሬው የሚታወቀው እዚያ ነው። የጎማውንም ነገር አስብበት። ላግዠሪ የሚባለው የቅንጦት ዓይነቱ ቸርኬ 22 ኢንች ነው፣ ያምራል፣ ግን የጎማው ጎን ቀጭን ስለሆነ ጉድጓድ ስትገባ ወገብህ ያውቀዋል። ኦቨርትሬይሉ 18 ኢንች ቸርኬ ላይ 33 ኢንች ጎማ ነው ያለው። እኔ እሱን ነው የመረጥኩት፣ አልተጸጸትኩም።

የሦስት ልጆች እናት

ስለ ሦስተኛው ረድፍ እኔ ልናገር። አንተ ተቀምጠህ ጉልበትህ ደረትህ ጋ ከደረሰ፣ ያ ቦታ የአዋቂ አይደለም ማለት ነው፣ አለቀ። ግን ከልጆች ጋር ሌላ ነው። የኔዎቹ ሁለቱ እዚያ ነው መቀመጥ የሚፈልጉት፣ ትልቁ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው እምቢ አለ፣ እውነቱን ነው።

ሾውሩም ውስጥ ማንም የማይሞክረው አንድ ነገር አለ። የልጅ መኪና ወንበር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እሰሩት፣ ከዚያ ልጁ በየት በኩል አልፎ ወደ ሦስተኛው ረድፍ እንደሚገባ እዩ። እኔ ይሄን ሳልሞክር ነበር የገዛሁት። አሁን በየቀኑ ጠዋት አንዱን ወንበር ፈትቼ አንዱን አስገባለሁ፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ያስመርራል። ሦስተኛው ረድፍ ተዘርግቶ እያለ የኋላውን በር ክፈትና የቀረውን የዕቃ ቦታም ተመልከት። የልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይገባል፣ የሳምንት ጉዞ ሻንጣ አይገባም። ለእንደዚህ ያለው ጉዞ ፖርቶ መጋላ መጫን የግድ ነው።

እናትህን ወይም ሌላ አረጋዊ የምታመላልስ ከሆነም ከፍታውን አስብ። የኔ እናት ያለ እግር መርገጫ መውጣት አትችልም። እሷን ይዘህ ሂድና ወጥታ ትውረድ፣ ከዚያ ወስን።

ጋራዥ ነኝ

ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማስፈራሪያ አይደለም፣ ግን ሳይታወቅ አይገዛም። ይሄ ቪ6 የቱንድራ (የቶዮታ ፒክአፕ) እና የኤልኤክስ ሞተር ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የሌክሰስ ባለቤት ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ የ2022 እና የ2023 ሞዴል የሆኑ 100,000 ገደማ ቱንድራና ኤልኤክስ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ ሞተሩ ሲሠራ ውስጡ የቀረ የብረት ቅሪት ነው፣ እሱ ኩሽኔታውን ከጎዳ ሞተሩ እየተነዳ ሊጠፋ ይችላል። በኋላ ጥሪው ሲሰፋ የ2024 ጂኤክስም ገብቶበታል። ስለዚህ ሻጩ በቃል የሚነግርህ አይበቃም። የቻሲ ቁጥሩን ተቀበልና የተጠራ መኪና መሆን አለመሆኑን ራስህ አጣራ። ተጠርቶ ከሆነም ምን እንደተደረገለት የሚያሳይ ወረቀት ጠይቅ። የፀዳ ከሆነ እኔ ራሴ እገዛዋለሁ፣ ሞተሩ ጠንካራ ነው።

ሌላው፣ ከቪ8 ለሚመጣ ሰው የሚከብደው የዘይት ልማድ ነው። የድሮው ሞተር ዘይት ሳይቀየር ትንሽ ቢያልፍበትም ይችል ነበር። ቱርቦ ግን በጣም ይሞቃል፣ ቀጭን የዘይት መስመር ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ያረጀ ዘይት እዚያ ውስጥ ይቃጠልና ይዘጋዋል። በጊዜው ቀይር። ረጅም ዳገት ወጥተህ ስትቆምም ወዲያው አታጥፋው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይተንፍስ። ቤንዚኑም ኦክቴኑ ከፍ ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ተሳቢ የምትጎትት ከሆነ ኦቨርትሬይሉ እስከ 4.1 ቶን ይስባል። ባለ 22 ኢንቹ ከዚያ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ በቸርኬው ውበት ብቻ አትወስን።

የቪ8 ወዳጅ

እጅግ አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። @የሦስት ልጆች እናት፣ የልጅ ወንበር ይዞ መሄድ ፈጽሞ አልመጣልኝም ነበር። የታናሿን ወንበር ከ460ው ላይ ዛሬ ማታ እፈታለሁ፣ ሐሙስም ሁሉንም ልጆች ይዤ ነው የምሄደው። @ጋራዥ ነኝ፣ የቻሲ ቁጥሩን አሁን ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ነገ ጠዋት እንልክልሃለን ብለዋል።

@ረጅም መንገድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የኦቨርትሬይሉ 33 ኢንች ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት ስትሄድ ይጮሃል? ባለቤቴ ረጅም መንገድ ላይ ስለምትተኛ ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ረጅም መንገድ

ከ100 በላይ ስትሄድ ትንሽ ይሰማል፣ ከ460ው ግን አይብስም። ሐሙስ ሬዲዮውን አጥፍተህ እሷን ኋላ አስቀምጣትና ራሷ ትስማው።