ወንድሜ ራሱን አጠፋ፤ ፍትሐት ተከለከለ፤ እናቴን ምን ልበላት?

እህቱ፦
አባቶች ይባርኩኝ። ታናሽ ወንድሜ ራሱን ካጠፋ ዛሬ 23 ቀኑ ነው። 26 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት የአእምሮ መድኃኒት ሲወስድ ቆይቶ «ጸበሉ ይበቃኛል» ብሎ አቆመ። የአጥቢያችን ካህናት «ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም» አሉን፤ እድርተኛው ቀበረልን። እናቴ ለለቀስተኛው ሁሉ «ድንገት ነው፣ ልቡ ነው» ትላለች። ማታ ማታ ግን እኔን «ሲኦል ነው ያለው አይደል?» ትለኛለች። ጫማው አሁንም በር ላይ ነው፤ አቧራውን ጠርጋ እዚያው ትመልሰዋለች። በዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ደውሎልኝ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላነሳሁም። ለአርባው ምን እናድርግ?

ቄስ፦
ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ነፍሱን ይማር። አንቺም «ነፍሱን ይማር» ለማለት አትፍሪ።

ራስን መግደል ኃጢአት መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ አልሸፍንብሽም። ግን በ4ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ፣ አእምሮውን ስቶ ራሱን ስላጠፋ ሰው ተጠይቆ፣ ካህኑ ነገሩን በጥንቃቄ ይመርምር፣ በእውነት አእምሮውን ስቶ ከሆነ ይጸለይለት ብሏል። እናንተን ማን መረመረ? የሐኪም ቤት ቀጠሮ ካርዱን ይዘሽ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሂጂ። ፍትሐት የቀብር ቀን ብቻ አይደለም፤ በ40ም፣ በ80ም፣ በሙት ዓመትም አለ። ገና 17 ቀን አላችሁ።

ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቆም የለበትም። ይህን በጊዜ አጥብቀን አለመንገራችን የእኛ የካህናት ዕዳ ነው። ያላነሳሽውን ስልክ ደግሞ እንደ ኃጢአት ቆጥረሽ አትሸከሚው፤ ወንድምሽ ከታመመ ሁለት ዓመት አልፎታል።

እናትሽ ስትጠይቅሽ አዎም አይደለምም አትበያት፤ ፍርዱ የእኛ አይደለም። ኤልያስን ንገሪያት። ከክትክታው ዛፍ ሥር «ነፍሴን ውሰድ» ባለ ጊዜ እግዚአብሔር አልተቆጣውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ተኛ፣ መልአኩ ቀስቅሶ ደግሞ አበላው። «ልከተለው» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ግን አንድ ሌሊትም ብቻዋን አትተዉአት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። አዲስ አበባ ካላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል? መልሽልኝ።

የሜሪላንዷ እናት፦
የኔ ልጅ፣ እኔም ራሱን ስላጠፋው ልጄ «ልቡ ነው» ብዬ አንድ ዓመት ዋሽቻለሁ። ውሸቱ ለብቻዬ አስለቀሰኝ። በሙት ዓመቱ ቡና ላይ እውነቱን ስናገር አንዷ ጎረቤቴ ስኒዋን አስቀምጣ «የኔም ልጅ ራሴን ላጥፋ ይላል» አለችኝ። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ ወደ እርዳታ መስመሩ 988 ደውሉ፤ ሌሊትም ያነሳሉ።

እህቱ፦
አባ፣ እንቅልፍ የለኝም፤ ከዛሬ ጀምሮ አክስቴ እኛ ጋ ታድራለች። የኤልያስን ነገር ስነግራት እናቴ «ሁለቴ አበላው?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ካርዱን ከጃኬቱ ኪስ አገኘሁት፤ ያልሄደበት ቀጠሮ ተጽፎበታል። ነገ ጠዋት ወደ አስተዳዳሪው እንሄዳለን። እናቴም ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች።