ጦር ይቅደም ወይስ ድርድር? ሐሳባችሁን ስጡኝ

የሙጋድ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። የቀይ ባሕርና የወደብ ነገር ከተነሳ ወዲህ ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር ክርክር ነው። ታናሽ ወንድሜ «ድሮን ያለው አገር ማንንም አይለምንም» ባይ ነው። እናቴ ይሄን ስትሰማ ትቆጣለች። በ2014 ደሴን ለቀን ስንወጣ ማድጋና ሰፌዷን ጥላ የወጣች ሰው ናት። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። አገርን የሚጠብቃት የቱ ነው?

የወረኢሉ መምህር
ወንድሜ፣ መልሱ እኛው ወሎ ውስጥ አለልህ። ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ውል ተፈረመ። ጣሊያን በዚያ ውል ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ስትል ምኒልክ ወዲያው ነጋሪት አላስጎሰሙም። በ1883 የአገራቸውን ወሰን ዘርዝረው ለአውሮፓ መንግሥታት ጻፉ። በ1885 ውሉን መሻራቸውን አሳወቁ። ደብዳቤው ሲመላለስ ጠመንጃም እየተገዛ ይገባ ነበር። ክተት የታወጀው መስከረም 1888 ነው፤ ጦሩም ወረኢሉ ላይ ተሰበሰበ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ መቀሌ ነው። ጥር 1888 ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተከበዋል፤ ውሃ ተይዞባቸዋል። ምኒልክ ተደራድረው ከነመሣሪያቸው አስወጧቸው። ራስ መኮንን ሸኟቸው። ጠላትን ከነጠመንጃው መልቀቅ ለተዋጊው ምን ያህል እንደሚከብድ አስበው! በሽኝቱ ተከልሎ ግን ዋናው ጦር ወደ ዐድዋ አቅጣጫ አለፈ። ከድሉ በኋላም መረብን አልተሻገሩም። ጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ ጣሊያን የውጫሌ ውል መሻሩን ተቀብላ ፈረመች።

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)
መምህር እውነቱን ነው። እኔ በ1992 በኤርትራው ጦርነት ግንባር ነበርኩ። በጦር ሜዳ አሸነፍን። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። የድንበር ኮሚሽኑ የድሮዎቹን የ1900፣ የ1902 እና የ1908 (እ.ኤ.አ.) ውሎች አውጥቶ በ1994 ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ጓዶቼ የወደቁባት ቦታ! ከዚያ እስከ 2010 ምሽግ ለምሽግ ተፋጠጥን። ሲዋጉም የለ፣ ሲታረቁም የለ። ሠራዊቱ ይጠንክር፣ በዚህ አልደራደርም። ግን ለአንድ ክፍለ ጦር የምናወጣውን ያህል ካርታና ውል አብጠርጥሮ ለሚያውቅ ተደራዳሪም እናውጣ።

የሙጋድ ልጅ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከሶማሊያ ጋር የተደረገውን የአንካራውን ስምምነትስ እንዴት ያዩታል?

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)
ልጄ፣ በ2016 ከሶማሊላንድ ጋር የባሕር በር ሰነድ ተፈረመና ሞቃዲሾ ተቆጣች። ዓመት ሳይሞላ ታኅሣሥ 2017 ቱርክ አስታረቀችን። አንድም እናት በዚያ ጉዳይ ልጇን አልቀበረችም። ወደቡ ገና ነው፤ ንግግሩ መቀጠል አለበት። ወንድምህን ይሄን ንገረው።