የጋራ ፕሮፖዛል ዕቅድ ውይይት፦ በቱቦ ውስጥ እየፈሰሰ የሚፈላ የውሃና የኢታኖል ድብልቅ

አስተባባሪ፦ ረቂቁ ይኸው። የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር፣ የሚሞቀው ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ አግድም የማይዝግ ብረት ቱቦ፣ ኤሌክትሪክ በራሱ በቱቦው እያለፈ ያሞቀዋል። ፍሰት በካሬ ሜትር በሰከንድ 200 ኪሎግራም፣ ሙቀት በካሬ ሜትር 50 ኪሎዋት፣ ቅድመ ማሞቂያ 3 ኪሎዋት፣ ስድስት ድብልቆች። እስከ 40 በመቶ እንፋሎት እንለካለን ብለናል።

የሙቀት ስሌት ክፍል፦ 40 በመቶ አይደረስም። በሰከንድ የሚያልፈው 10 ግራም ነው፤ 1 ኪሎግራም ውሃ ደግሞ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2257 ኪሎጁል ይፈልጋል። ውሃው መፍያው ላይ ደርሶ ቢገባ እንኳ ከማሞቂያው 13፣ ከቱቦው 6 በመቶ ገደማ ብቻ እናገኛለን። ፍሰቱ ወደ 100 ይውረድ፣ ማሞቂያው 6 ኪሎዋት ይሁን።

የልኬት ክፍል፦ እኔን የሚያሳስበኝ ረቂቁ የሙቀት ሽግግሩን ለማስላት ከቱቦው ግድግዳ ሙቀት ላይ የመግቢያውን መፍያ ሙቀት መቀነሱ ነው። ለድብልቅ ይህ አይሠራም። ኢታኖሉ ቀድሞ ስለሚተን የቀረው ፈሳሽ ውሃ እየበዛበት፣ መፍያውም በቱቦው ርዝመት እየጨመረ ይሄዳል። ልዩነቱ 5 ዲግሪ በሆነበት ቦታ 1 ዲግሪ መሳት ውጤቱን በ20 በመቶ ያዛባል። ስለዚህ በየቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ቦታ ከአካባቢው ግፊትና ከሙቀት ሚዛን መፍያው ይሰላ። የግፊት መለኪያዎቹም ፍጹም ግፊት (ከአካባቢው አየር ሳይሆን ከባዶ ተነስቶ የሚለካ) የሚያነቡ ይሁኑ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ዑደቱን በ101 ኪሎፓስካል (በባሕር ወለል የአየር ግፊት) እንያዝ። ቴርሞካፕሎቹ ከቱቦው በኤሌክትሪክ ካልተለዩ ንባቡ ዋጋ የለውም።

የድብልቅ ክፍል፦ የልኬት ክፍሉ ዶክተር ባሉት እስማማለሁ። ስድስቱን ድብልቅ ትተን ንጹህ ውሃ፣ በክብደት 10፣ 30 እና 95.6 በመቶ ኢታኖል እንውሰድ። ከ10 በመቶው የሚወጣው የመጀመሪያ እንፋሎት ግማሽ ያህሉ ኢታኖል ነው፤ አረፋው ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ኢታኖል ያጥረዋል፣ መፍያው ይወጣል፣ የሙቀት ሽግግሩም ይዳከማል። በ95.6 ግን ፈሳሹና እንፋሎቱ አንድ ቅንብር አላቸው። እዚያም ያው መዳከም ከታየ ጥፋቱ የመለኪያው ነው ማለት ነው። እርጥበት የሚስበውን ንጹህ ኢታኖል መግዛትም ይቀርልናል።

የተከላ ክፍል፦ ፍሰቱን የሚያጠብበው ማነቂያ ቫልቭ ከቅድመ ማሞቂያው መግቢያ ጋር ይጠጋ፤ በመካከላቸው አየር ከታቆረ ፍሰቱ ይወዛወዛል። በፈሳሹ ውስጥ ያለው አየር የሚወጣው እንፋሎቱን በሚመልስ ኮንደንሰር በኩል ነው፣ አለዚያ ኢታኖሉ አብሮ ያመልጣል። ቅንብሩን ለማወቅ ናሙና ከዚያ በኋላ፣ ከፈሳሹ መስመር ይወሰድ። ፍሰት ሲቋረጥ ኤሌክትሪኩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያና የክፍሉ አየር ማስወጫ በጀት ውስጥ ይግቡ፤ ኢታኖል ተቀጣጣይ ነው።

አስተባባሪ፦ ሁሉም ገብቷል። ከሁለቱ ድብልቆች መቀነስ የተረፈው ገንዘብ ለፍጹም ግፊት መለኪያዎችና የናሙናውን ቅንብር ለሚያሳየው የጥግግት መለኪያ ይዛወራል። የስሌት ክፍል የመፍያውን ሠንጠረዥ ለ10 እና ለ30 በመቶ አዘጋጅቶ ከረቂቁ ጋር ያያይዝ።