በኬሚካዊ እኩልታ ውስጥ ከእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ፊት የሚጻፉት ቁጥሮች ምንን ያመለክታሉ?

ጥያቄ
ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ሲሆኑ፣ እኩልታው ሁለት ሃይድሮጅን ከአንድ ኦክስጅን ጋር ሁለት ውሃ እንደሚሰጥ ያሳያል። ስለዚህ 2 ግራም ሃይድሮጅን ከ1 ግራም ኦክስጅን ጋር ያለ ትርፍ ይዋሃዳል ብዬ ሠራሁ፤ መልሴ ግን ስህተት ሆነ። ደግሞስ በግራ በኩል ሦስት፣ በቀኝ በኩል ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ቁስ አይጠፋም የሚለው ሕግ እንዴት ይጸናል? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አስቤበት አልገባኝምና እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ 1
እህቴ፣ ቁጥሮቹ የሞለኪውሎችን ብዛት እንጂ ክብደታቸውን አይናገሩም። አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ከአንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል 16 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፣ በብዛት ሁለት ለአንድ የሆነው በሚዛን ሲታይ አንድ ለስምንት ይሆናል። ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ መቁጠር ስለማይቻል ደግሞ ሞል የሚባል መቁጠሪያ አለ፤ ደርዘን ሲባል 12 እንደምንረዳ ሁሉ፣ ሞል ሲባል ከ602 ቀጥሎ 21 ዜሮዎች ቢደረደሩ የሚገኘውን ቁጥር ያህል ቅንጣቶች ማለት ነው። በዚህ መሠረት 2 ሞል ሃይድሮጅን 4 ግራም፣ 1 ሞል ኦክስጅን 32 ግራም፣ የሚገኘው 2 ሞል ውሃም 36 ግራም ይመዝናል። አንቺ በወሰድሽው መጠን ኦክስጅኑ ቀድሞ ያልቃል፤ 1.125 ግራም ውሃ ብቻ ይገኝና 1.875 ግራም ሃይድሮጅን ሳይነካ ይተርፋል።

መልስ 2
«እኩልታ» የሚለው ስም ራሱ ብዙ ተማሪዎችን እንደሚያሳስት አምናለሁ። እኩል የሚሆነው የአቶሞቹ ዓይነትና ብዛት ነው እንጂ የሞለኪውሎቹ ቁጥር አይደለም፤ ሞለኪውል የአቶሞች ስብስብ ስለሆነ በለውጡ ጊዜ ይፈርሳል፣ አቶሞቹም በሌላ አኳኋን ይጣመራሉ። አንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች፣ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት የኦክስጅን አቶሞች፣ አንድ የውሃ ሞለኪውል ደግሞ ሁለት የሃይድሮጅንና አንድ የኦክስጅን አቶም ስላለው፣ በግራም በቀኝም አራት የሃይድሮጅንና ሁለት የኦክስጅን አቶሞች አሉ። ስድስት ክቦችን በወረቀት ላይ ሥዪና ራስሽ አጣምሪያቸው፤ በእኔ እምነት ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ይህ ያስረዳል።

ጠያቂዋ
ሥዬ አየሁት፤ አመሰግናለሁ። እንግዲያውስ አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ሁለት አሞኒያ ሲሰጡ፣ 28 ግራም ከ6 ግራም ጋር ተዋህዶ 34 ግራም ይሆናል ማለት ነው?

መልስ 1
በትክክል። ሦስቱም ጋዞች ስለሆኑ፣ ሙቀቱና ግፊቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ቁጥሮቹን በሊትርም ልታነቢያቸው ትችያለሽ፦ 1 ሊትር ናይትሮጅን ከ3 ሊትር ሃይድሮጅን ጋር ሙሉ በሙሉ ቢዋሃድ 2 ሊትር አሞኒያ ይሰጣል። በግራም ግን ፈጽሞ አይነበቡም።